አሰብ የማን ናት ስንባባል

ኮምቦልቻ ውስጥ የባሕር በር ወሬ የማይነሳበት ጀበና ቡና ማግኘት ከባድ ሆኗል። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ፣ ጉዳዩ በአደባባይ መነሳት ከጀመረ በኋላ፣ ሁሉም ሰው የወደብ ባለሙያ ነው። የጋራዥ መካኒኩ፣ የሲኖትራክ ሹፌሩ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ሁሉም አስተያየት አለው። «አሰብ የኛ ናት» ይላል አንዱ። «የነሱ ናት፣ በሕግ ሄዳለች፣ አለቀ» ይላል ሌላው። «ማን ፈርሞ?» ይላል ሦስተኛው። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይደገማል፣ በረካ ይደርሳል። ክርክሩ ግን ከተነሳበት ፈቀቅ አይልም።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ትንሽ ለየት ያለ ቦታ አለኝ። መታወቂያዬ ላይ የትውልድ ቦታዬ «አሰብ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቢሮ ለጉዳይ ሄጄ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችና ቀና ብላ፣ «ታዲያ ኤርትራዊ ነህ?» አለችኝ። «ኧረ ወሎዬ ነኝ» አልኳት። «አሰብ ወሎ ውስጥ ናት እንዴ?» ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጉዳዬ ግን ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ስለዚህ ሰው ሁሉ አሰብ የማን እንደሆነች ሲጠይቅ እኔንም ይመለከተኛል። ግን ክርክሩን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። «የኛ» የሚለውም «የነሱ» የሚለውም ወደቡን፣ መንገዱን፣ ማጣሪያውንና ባንዲራውን ነው የሚቆጥረው። ወደቡ ሳይሠራ፣ መንገዱ ሳይቀየስ እዚያ የነበረውን ሰው የሚቆጥር አላየሁም። አፋሩን ማለቴ ነው። አፋር ደግሞ አንድ አገር ውስጥ አይደለም ያለው። ሦስት አገር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ።

ለማያውቅ ሰው ስለ መንገዳችን ልናገር። ኮምቦልቻ መገንጠያ ናት። ከአዲስ አበባ በሐርቡ በኩል የመጣው መንገድ እዚህ ይከፈላል። አንዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባቲ ይወርዳል። ከባቲ እሊ ውሃ፣ ከዚያ ሚሌ፣ ከዚያ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ መጨረሻ ላይ ባሕር። ከኮምቦልቻ አሰብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከባቲ በታች ያለው መንገድ በሙሉ፣ ወደቡ ድረስ፣ የአፋር አገር ነው። እኛ ግን «የአሰብ መንገድ» ነው የምንለው። የሚያልፍበትን አገር ትተን የሚደርስበትን ነው የምንጠራው።

አባቴ በዚያ መንገድ ላይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ከሚሌ ወዲያ ያለውን በሌሊት ነው የሚያልፉት። እናቴን አግብቶ አሰብ ወሰዳት፣ እኔም ካምፖ ሱዳን ተወለድኩ። ካምፖ ሱዳን የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ ደጋ የመጣ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት። ወንዱ ወይ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፣ ወይ ይነዳል፣ ወይ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራል። ማጣሪያው በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1967። እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ሲዘጋ ሰፈራችን ውስጥ የነበረውን ዝምታ አስታውሳለሁ፣ ወይም እናቴ ደጋግማ ስላወራችው የማስታውሰው ይመስለኛል።

ስለዚያ ሰፈር አሁን ሳስብ የሚገርመኝ አፋሮቹ የት እንደነበሩ ነው። ዳር ላይ ነበሩ። ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች አፋር ናቸው። መጋዘን የሚጠብቁት ሽማግሌዎች አፋር ናቸው። ከተማው መሃል ያለው ቋንቋ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ትንሽ አረብኛ ነበር። እኛ ከ500 ኪሎ ሜትር የመጣነው ቤት ሠርተን «ሰፈራችን» እንላለን። ባለአገሮቹ በጠዋት ገብተው ወተት ሸጠው ፀሐይ ሳትከር ይወጣሉ። ልጅ ሆኜ ይሄ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም። ማንም ትልቅ ሰውም እንግዳ ነገር ነው ሲል አልሰማሁም።

ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወጣን። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ታትሞ የንግዱ ነገር መካረር ሲጀምር አባቴ «ይሄ ነገር አያምርም» አለ። ሹፌር ወሬ ቀድሞ ይሸተዋል። ዕቃችንን ጭነን ኮምቦልቻ ገባን። አባቴ መኪናውን ወደ ጅቡቲ መስመር አዞረው። በጋላፊ በኩል መሥራት ጀመረ፣ እንደ ሌላው ሹፌር ሁሉ። ለኛ ነገሩ በዚህ አለቀ። ሥራ ነበር፣ ሥራው ሌላ ቦታ ሄደ፣ ተከተልነው።

ለሀጂ ግን እንዲህ አልነበረም።

ሀጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም ቢጻፍ አይወዱም። ወዳጅነታቸው የጀመረው ሰርዶ አካባቢ የአባቴ መኪና በሌሊት ተሰብሮ ነው። ሀጂ ጭነቱን ሲጠብቁለት አደሩ፣ ወተትም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ባቲ ለሰኞ ገበያ በወጡ ቁጥር፣ ወይም ለሕክምና ኮምቦልቻ በመጡ ቁጥር ቤታችን ነው የሚያርፉት። እናቴ ማደሪያቸውን ግቢው ውስጥ ነው የምታዘጋጀው፤ ጣሪያ ሥር መተኛት አይሆንላቸውም። አሁን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። ሲጠየቁ «ግመል ነው እንዴ የሚቆጠረው» ብለው ይስቃሉ።

ሀጂ አውሳ ውስጥ፣ ከአሳይታ ብዙ ሳይርቅ ተወለዱ። እህታቸው ራሃይታ አገባች፣ ከአሰብ በስተ ደቡብ ባሕሩ ዳር ያለችው የጥንት የሱልጣኖች መንደር። ታናሽ ወንድማቸው በጉብዝናው ጊዜ ታጁራ ወርዶ እዚያው ቀረ። ይሄ ለአፋር ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። አውሳም፣ ራሃይታም፣ ታጁራም የአፋር ሱልጣኔቶች ነበሩ። ከአንዱ ወደ አንዱ ማግባት፣ ከብት ይዞ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ የኑሮ ነገር ነው።

አሁን የሦስቱን ወረቀት ተመልከቱ። ሀጂ ልጅ ሳሉ አገራቸው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ አውሳ አውራጃ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደሴ ስለሆነች ከአሳይታ የተነሳ ባለጉዳይ ይግባኙን ይዞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ሀጂም በወረቀት ወሎዬ ነበሩ፣ እንደኔው። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት አሰብ ራስ ገዝ የሚባል ተፈጠረና አውሳ ከወሎ ወጥቶ ወደዚያ ገባ። ከ1983 ወዲህ ደግሞ የአፋር ክልል ሆነ። እህትየዋ ያገባችበት አገር እሷ ስትወለድ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በቆየችበት ዘመን አደገች። ከዚያ የኤርትራ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ አሰብ ራስ ገዝ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የኤርትራ ዜጋ። ወንድምየው የገባበት አገር የፈረንሳይ ሶማሊያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ስሙ የአፋርና የኢሳ ግዛት ሆነ። በ1977 ነጻ ወጥቶ ጅቡቲ ተባለ።

ወንድምና እህት፣ አንድ ጎሳ፣ አንድ ቋንቋ። እሷ ካገባች ወዲህ ሀጂና እህታቸው አንድ አስተዳደር ሥር የነበሩት ራስ ገዙ በቆየባቸው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ራስ ገዝ የሆኑት ማንም ጠይቋቸው አልነበረም። ሀጂ ስለዚያ ሲነሳ «ያ ጥሩ ነበር፣ ግን ጦርነት ነበር» ይላሉ። ሌላ አስተያየት የላቸውም።

ወደ ኋላ ሄዳችሁ ይሄ ሁሉ መስመር ከየት መጣ ብትሉ፣ መልሱ ባሕሩ ነው። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፈተ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለ ድንጋይ ሁሉ ዋጋ አወጣ። ፈረንሳይ ቀደም ብላ በ1862 ኦቦክን በ10,000 ጠገራ ብር ገዝታ ነበር። በዚያው በ1869 ሩባቲኖ የሚባል የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብን ገዛ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። ሻጮቹ የአፋር ሹማምንት ነበሩ። ይሄን የምጽፈው አፋር ሁሉ ንጹሕ ተበዳይ፣ ሌላው ሁሉ በዳይ ነው የሚል ተረት እንዳይሆንብኝ ነው። የሸጡ ሰዎች ነበሩ። የሸጡት ግን ለመርከብ ማቆሚያ የሚሆን ዳርቻ ነው። ከኋላው ያለው ግጦሽ፣ ውሃና ዘመድ አብሮ ይከፈላል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

የከፋው የመጣው በኋላ ነው። ከአድዋ ድል 12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ዳግማዊ ምኒልክና ጣሊያን ስለ ምሥራቁ ድንበር ተዋዋሉ። ውሉ የሚለው ድንበሩ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየሄደ፣ የፈረንሳይን ግዛት እስኪያገኝ ይቀጥል ነው። ወንዝ አይልም፣ ተራራ አይልም፣ የማንም ጎሳ መሬት አይልም። 60 ኪሎ ሜትር። ካርታው ላይ ማስመሪያ ለያዘ ሰው ምን ያህል ቀላል ሥራ እንደሆነ አስቡት።

በዚያው ውል ውስጥ ሌላ አንቀጽ አለ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ። ሁለቱ መንግሥታት በድንበሩ አካባቢ ያሉት ጎሳዎች የማን እንደሆኑ በተለመደ መኖሪያቸው ላይ ተመሥርተው ይወስኑ ይላል። የተለመደ መኖሪያ! ካርማ ሲዘንብ አንድ ቦታ፣ ሱጉም ሲዘንብ ሌላ ቦታ፣ በሐጋዩ ሙቀት ወደ ውሃው ለሚሄድ ሰው የተለመደ መኖሪያው የቱ ነው? የፈረሙት ሰዎች ይሄን ጥያቄ ጠይቀው ከሆነ የመለሰላቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ ሲሰጥም ያንኑ 60 ኪሎ ሜትር እንዴት እንለካው በሚል ነው የሠራው። ሥልጣኑ እሱ ነበርና አልፈርድበትም። ግን ዘጠና ዓመት አልፎ እንኳን ክርክሩ ስለ ርቀት አለካክ ነበር።

ለነገሩ ይሄ የአፋር ብቻ ዕጣ አይደለም። ቦረናው ከኬንያ፣ አኙዋኩና ኑዌሩ ከደቡብ ሱዳን፣ ኢሮቡና ኩናማው ከኤርትራ፣ ሁሉም እንዲሁ ተሰንጥቀዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች እንዳሉ ይከበሩ ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ገብቶኛል። ያን ባይሉ ስንት ጦርነት ይነሳ ነበር። ግን መስመሩን ማክበርና መስመሩ የሚያልፍበትን ሰው መርሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከ1990 በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ ተቆረጠ። ፖስታ የለም፣ በረራ የለም። ለሃያ ዓመት። እናቴ አሰብ ትታት የመጣች አንዲት ጎረቤት ነበረቻት፣ ከኤርትራ ደጋ የመጣች። በክርስትናና በእስልምና ሳይለያዩ ልጅ አብረው ያሳደጉ፣ እኔን ጡት ያጠባች ሴት ናት። ስለ እሷ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ቡሬ ግንባር ሆኗል፤ ከአሰብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቡሬ፣ አባቴ ሻይ የሚጠጣባት።

አንድ ሰኞ ሀጂ ከባቲ መጡ። ቡና ሲፈላ ለእናቴ፣ «ጎረቤትሽ ደህና ናት። ትልቁ ልጇ አግብቷል። ጉልበቷን ያማታል» አሏት። እናቴ ስኒውን አስቀምጣ አየቻቸው። እንዴት አወቁ? ሰላይ ናቸው እንዴ? ሀጂ ደግሞ የሷ መገረም ነው የገረማቸው። ዳጉ ነዋ!

ስለ ዳጉ፣ ስለ አፋሮቹ የወሬ ቅብብል፣ ብዙ የተባለ ነገር አለ፣ አብዛኛው እንደ ተረት ነው የሚወራው። እኔ በቤታችን በር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሀጂና አንድ የማያውቁት አፋር ተገናኙ። እጅ ተሳሳሙ። ከዚያ ቁጭ አሉ፣ በቁማቸው አያደርጉትም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ይገላበጣል። ከየት ተነሳህ? የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? የታመመ ከብት አለ? ማን ሞተ? ማን ወለደ? የማታውቀው ሰው አየህ? መኪና አለፈ? የሰማኸውን ከማን ሰማህ? በዓይንህ አየህ ወይስ ተነገረህ? መንገደኛው ይቸኩል እንደሆን አይጠየቅም። ዳጉ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው። የውሸት ዳጉ የሰጠ ደግሞ በጎሳው ሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ ሰዎች ይጠነቀቃሉ። እኛ ዛሬ በቴሌግራም ከምንቀባበለው ወሬ ጋር ሳወዳድረው አፍራለሁ።

ያ ወሬ ከአሰብ ዳር ተነስቶ፣ ግመል ከያዘ ሰው ወደ ፍየል ወደያዘ ሰው፣ ምናልባት በጅቡቲ በኩል ዞሮ፣ ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት የተፋጠጠበትን አገር አልፎ ኮምቦልቻ ደረሰ። የእናቴ ጎረቤት አፋር አይደለችም። ግን የአንዲት አፋር ሴት የወተት ደንበኛ ናት፣ ያቺ ሴት ደግሞ ለሀጂ እህት ቅርብ ናት። ይበቃል። የእህታቸው ሞትም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ሀጂ ለቅሶውን እኛ ግቢ ተቀመጡ። ቀብሯ ላይ ግን መድረስ አልቻሉም፣ ኬላውን ማለፍ የሞት ጉዳይ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ሲከፈት ያየሁት ደስታ እውነተኛ ነበር። ወታደሮች ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አየን። እናቴ ከሁለት ወር በፊት፣ ሐምሌ ላይ ስልኩ ሲለቀቅ፣ ጎረቤቷን አግኝታ እየተላቀሱ አውርተው ነበር። ጉልበቷን እውነትም ያማት ነበር። ከዚያ መንገዱ መልሶ ተዘጋ፣ ሳይነገር፣ ቀስ ብሎ። የቡና ክርክራችን ያን መከፈትና መዘጋት የሁለት መሪዎች ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ብትወርዱ ግን ሌላ ዓለም ታያላችሁ። አፋሩ ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ከቆላው ይወጣል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ማሽላ፣ በርበሬ፣ ቡናና ጨርቅ ይዞ ይጠብቃል። አንድ ደላላ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቋንቋ ይቀያይራል። ሁሉም ሽርጥ ለባሽ ስለሆነ ከሩቅ ማን ምን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ይሄ ገበያ የቆየ ነው። ልጅ ኢያሱ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከሰገሌ ሽንፈት በኋላ አፋር ገብተው ዓመታት ሲደበቁ በዚህ አቅጣጫ ያለው ዝምድና ነው የረዳቸው ይመስለኛል። ደጋና ቆላ ሳይፈላለጉ የኖሩበት ጊዜ የለም።

ባቲን እንዲህ ሳቆነጃጃት ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ደገኞቹ አፋሩን በገበያ ስናየው እንደ መንገደኛ ነው። ዋጋ ስንነግረው አንድ፣ ለጎረቤታችን ስንነግር ሌላ። ኮምቦልቻ ለሕክምና ሲመጣ ወረፋ ላይ «ይሄ ከየት መጣ» የሚል ዓይን አለ። አስተርጓሚ የለም። ሀጂ ራሳቸው ሐኪም ፊት የሚያመኝ ሆዴን ነው ለማለት እኔን ይዘው ነው የሚሄዱት። ታዲያ ከዚህ ወጥተን ጀበናው ጋ ስንቀመጥ «አፋር እኮ ወንድማችን ነው፣ አሰብ የሱ አገር ነው፣ ስለዚህ የኛ ነው» እንላለን። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሀንፈሬ ተናገሩት የሚባለውን፣ እንኳን እኛ ግመሎቻችንም ባንዲራውን ያውቁታል ያሉትን፣ የማይጠቅስ ተከራካሪ የለም። አባባሉን እንወደዋለን። ሰውየውን ግን በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ጦር ልከን ከአሳይታ ለስደት ዳርገናቸዋል። እስከ 1983 ድረስ አልተመለሱም። ይሄን የሚጠቅስ ተከራካሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌላ አገር እንዴት አደረጉት ብዬ ሳነብ አንድ ጥሩ ነገር አገኘሁ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ሳሚ የሚባሉ አጋዘን አርቢዎች አሉ። ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና ሩሲያ ውስጥ ተከፋፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1751 በዛሬዎቹ ኖርዌይና ስዊድን መካከል ድንበሩ ሲሰመር ነገሥታቱ ከውሉ ጋር አንድ አባሪ አያያዙ። ሳሚዎቹ በየወቅቱ አጋዘናቸውን ይዘው ድንበሩን የመሻገር መብት አላቸው የሚል። ጦርነት ቢነሳ እንኳን እንዳይነኩ። ድንበሩም ተሰመረ፣ ሰውም አለፈ። አባሪው በኋላ ዘመን ብዙ ተሸራርፏል፣ ሳሚዎቹም አሁን ድረስ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ቢሆንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ አጋዘኑ አስቧል። የ1908ቱ ውል ስለ ግመል ያሰበ አይመስልም።

ዛሬ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ አለ፣ መስከረም 2000 ዓ.ም. ላይ የጸደቀ። አንቀጽ 36 በድንበር የተከፈሉ ሕዝቦች ከወገኖቻቸው ጋር የመገናኘት መብት አላቸው ይላል። ድምፅ ሲሰጥ ጅቡቲ ደገፈች። ኢትዮጵያና ኤርትራ ድምፅ አልሰጡም። በዚያ ጊዜ በብዙ ነገር አይስማሙም ነበር፣ በዚህ ግን ተገጣጠሙ።

አሁን ነገሩ ወደ ገረመኝ ቦታ ደርሷል። ከኤርትራ በኩል የሸሹ አፋሮች አሳይታ አጠገብ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ኖረዋል። በወረቀት ስደተኞች ናቸው። ግን የተሰደዱት ወደ ጎሳቸው መሬት ነው፣ የአጎታቸው ፍየል የሚሰማራበት ቦታ። የሀጂ እህት ልጅ እዚያ ነበር። ራሽኑን ከመጠለያው ይቀበላል፣ የሚበላው ግን ከሀጂ ቤተሰብ ጋር ነው። አንድ ቀን «እዚህ እንግዳ ነህ ወይስ ባለቤት?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። አማርኛው ደካማ ስለሆነ መስሎኝ ሀጂ እንዲያስረዱልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም አልገባቸውም።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። አሰብ ተወልጄ አሰብ ውስጥ አንድ ዘመድ የለኝም። የጡት እናቴ አለች፣ እሷም ከደጋ የመጣች። ያደግሁበት ሰፈር ለሥራ የተሰበሰበ ሰው ሰፈር ነው፣ ሥራው ሲያልቅ የተበተነ። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ የወደቡ ሽታ አሁንም ሕልሜ ውስጥ አለ። ግን ናፍቆቴ ባለቤት አያደርገኝም። የአባቴ ኤንትሬም አያደርገኝም። ኮምቦልቻ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ሰው ሞልቷል፣ ከአሰብ ተፈናቅሎ፣ ቤት ንብረቱን ትቶ የመጣ። እነሱም ካሳ ይገባቸዋል፣ መደመጥ ይገባቸዋል። ብቻ የነሱ ጉዳይ የቤት ጉዳይ ነው። የአፋሩ የአገር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጀበናው ጋ ስጠየቅ አሁን የምለው ይሄን ነው። ወደቡን ማን ያስተዳድር፣ ኪራይ ይሁን ሽርክና፣ የሚያውቁት ይነጋገሩ። በጦርነት ግን አይሁን፣ ምክንያቱም ጦርነቱ የሚካሄደው ሐረጎ ላይ ሳይሆን ሀጂ ፍየል በሚያሰማሩበት ነው። ማንኛውም ንግግር ሲኖር የራሃይታና የአሳይታ ሰው ይቀመጥበት። ወደቡ ሳይወሰን በፊት ደግሞ ሦስት ነገር በቀላሉ ሊፈቀድ ይችላል፤ ከብት ይዞ መሻገር፣ ለለቅሶ መሻገር፣ ለጋብቻ መሻገር። አንዳንዱ «ይሄ ትንሽ ነገር ነው» ይለኛል። አንድ ሹፌር ደግሞ «አብሽር፣ መጀመሪያ ወደቡ ይምጣ» አለኝ። ሌላ ቡና አዘዝኩ።

የጋብቻው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁና ላብቃ። አፋር ውስጥ አብሱማ የሚባል ወግ አለ። ወንድ ልጅ የአባቱን እህት ልጅ የማግባት ቅድሚያ አለው። የሀጂ ትልቁ ልጅ የራሃይታዋን አክስቱን ልጅ ሊያገባ ነበር፣ ጦርነቱ መጣ፣ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ወግ አልወደውም። ልጅቷን የሚጠይቃት የለም፣ ለሀጂም ነግሬያቸዋለሁ፣ «አንተ መች አገባህና» ብለው ዘጉኝ። አሁን የልጅ ልጃቸው ተራ ነው። የሱ አብሱማ የሀጂ ሴት ልጅ ልጅ ናት፣ ታጁራ ያለችው። እነዚህ ሁለቱ ግን በዋትስአፕ ሲያወሩ ከርመው ተዋደዋል፣ ስለዚህ አፌን ዘግቻለሁ። ልጁ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ባለፈው ሰኞ ሀጂ ይዘውት መጡ፣ እኔ ማመልከቻውን በስልኬ እየሞላሁለት ነው። የትውልድ ቦታ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ቋሚ አድራሻ። ቋሚ አድራሻው ላይ ቆምን። ሀጂ «የካርማውን ጻፍ» አሉ። እኔ የሚሌን ጻፍኩ። ቀጠሮው ገና አልደረሰም፣ ሠርጉ ግን ከረመዳን በኋላ ነው ተብሏል። ካልደረሰ ሙሽራዋ በጋላፊ በኩል ትመጣለች።